የወታደር አካፋና የሰብሳቢዎች ሚዛን

አሮጌ የጀርመን ጦር ዕቃ የሚሰበስቡ ሰዎች አጥብቀው ከሚፈልጓቸው ነገሮች አንዱ የምሽግ መቆፈሪያው ትንሽ አካፋ ነው። መነሻው ግን ጀርመን አይደለም። የዴንማርኩ መኰንን ሊነማን እ.ኤ.አ. በ1869 ያወጣው ዕቃ ሲሆን፥ ጀርመኖች እጀታው ቀጥ ያለውን ይዘው ብዙ ዘመን ከቈዩ በኋላ በ1938 የሚታጠፈውን አመጡ።

የሰብሳቢዎቹ ሚዛን በእኔ አስተያየት የተዛባ ነው። የፋብሪካው ምልክት ጐልቶ የሚታይበትን፥ የቆዳ ማኅደሩ ያልተበጣጠሰውን፥ አፈር ያልነካውን ያስበልጣሉ። አፈር ያልነካ አካፋ ስለ ምሽግ ምን ሊነግረን ይችላል? በመቈፈር ብዛት ጫፉ የተበላው ግን የአንድ ወታደር ጕልበት ያለቀበት ነው።

ሬማርክ በ1929 በታተመው «በምዕራቡ ግንባር አዲስ ነገር የለም» በተባለው ልብ ወለዱ፥ ወታደሮቹ ለጨበጣ ውጊያ ከሳንጃ ይልቅ ጠርዙ የተሳለ አካፋ እንደ መረጡ ጽፏል፤ ሳንጃ በሰው አካል ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራልና። ይህን ያነበበ ገዢ የተሳለ ጠርዝ ሲያይ ልቡ ይማረካል። ዳሩ ግን ሞረድ ዛሬም አለ፤ ስለቱ መቼ እንደ ወጣ ብረቱ ብቻውን አይመሰክርም። ስለዚህ ሻጩ ስለ ቬርዳን የሚያወራውን ትቶ፥ እንጨቱ በእጅ ብዛት የት የት ላይ እንደ ለሰለሰ መመርመር ይሻላል፤ ይህን ማስመሰል ከመሞረድ ይከብዳል።