ስለ እንግሊዝኛ የ«ኢፍ» ዓረፍተ ነገር አስተማመር

የሰዋስው መማሪያ መጻሕፍት የ«ኢፍ»ን ዓረፍተ ነገር አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ዓይነት እያሉ በቁጥር መክፈላቸው የተለመደ ነው። አከፋፈሉ ለማስታወስ ቢያመችም ዋናውን ልዩነት ይሸፍነዋል።

የወልድያ ተማሪ ይህን ልዩነት ከአፍ መፍቻ ቋንቋው ያውቀዋል። «አውቶቡሱ ከመርሳ ቢመጣ እሄዳለሁ» ሲል መምጣቱ ይቻላል ማለቱ ነው፤ «ቢመጣ እሄድ ነበር» ሲል ግን አለመምጣቱን ያመለክታል። «ቢመጣ» አልተለወጠም፤ ፍቺውን የለወጠው ማሰሪያ አንቀጹ ነው።

እንግሊዝኛ ግን ምልክቱን በሁለቱም ሐረጎች ያኖራል። «ኢፍ ዘ ባስ ዌር ሂር ናው፣ አይ ዉድ ጎ» በሚለው ውስጥ «ዌር» ያለፈ ጊዜን ሳይሆን እውን ያልሆነን ነገር ያሳያል። «ኢፍ ዘ ባስ ዋዝ ሂር የስተርዴይ፣ አይ ሚስድ ኢት» የሚለው ግን ስለ ትናንት ያልተረጋገጠ፣ ሊሆን የሚችል ጉዳይ ነው። በተራ ንግግር «ዋዝ» የ«ዌር»ን ቦታ ስለሚወስድ፣ አስተማማኙ መለያ በማሰሪያው ያለው «ዉድ» ነው።

ስለዚህ መምህሩ ከቁጥሩ ይልቅ ከ«ነበር» ቢነሣ ይበጃል። በሁለተኛ ደረጃ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ እንደ መሆኑ፣ በፊዚክስ መጽሐፍ የቀረበ ግምት እንደ ተፈጸመ ድርጊት ከተነበበ ጉዳቱ ከሰዋስው ክፍለ ጊዜ ያልፋል።