የአበባው ስንቅ

አሰላ ላይ ሰው ጋቢ ሲደርብ እኛ አቦምሳ ጥላ ፍለጋ እንሄዳለን። እዚህ ለአጥር የተተከለ ቃጫ ዝናብ ቢጠፋም አይደርቅም። ቅጠሉ አየር የሚያስገባበትን ቀዳዳ ቀን ዘግቶ ሌሊት ስለሚከፍት ውኃውን ፀሐይ አትወስድበትም።

ቅጠሉን ሳንቃ ላይ ዘርግቼ በደነዘ ቢላዋ ስፍቀው አረንጓዴው ሥጋ ይገፈፍና ነጩ ክር ይቀራል። ጭማቂው ክንድ ያሳክካል። ከመቶ ኪሎ ቅጠል የሚገኘው ደረቅ ቃጫ 4 ኪሎ ገደማ ነው። አንድ ተክል በዕድሜው የሚያወጣው ደግሞ ከ200 እስከ 250 ቅጠል ነውና አንዱም ቢባክን ያስቆጫል።

ጀማሪ ሳለሁ የብዙ ተክሎችን ቅጠል አባክኛለሁ። ከአንዱ ተክል መሐል የአበባ ዘንግ ወጣ፤ አድጎ አድጎ ከቤቱ ጣሪያ በላይ ሆነ። «ቅጠሉን ካበበ በኋላ እቆርጠዋለሁ» ብዬ ተውኩት። ዘንጉ በረዘመ ቁጥር ቅጠሉ ተጨማደደ፣ ጫፉ ቢጫ ሆነ። ስፍቀው ሥጋው ከክሩ ጋር ደርቆ ተጣብቋል፤ ክሩም እየተበጠሰ አስቸገረኝ። ተክሉ ለዓመታት በቅጠሉና በግንዱ ያጠራቀመውን ስኳርና ውኃ ለአንድ ጉዞ ሰንቆት ኖሯል። አበባው ስንቁን ጨረሰና ተክሉ ሞተ።

በሌላ ጊዜ ዘንጉን ገና ሲወጣ ቆረጥኩት። ተክሉ ትንሽ ሰነበተ እንጂ አዲስ ቅጠል አላወጣም። ቅጠል ያበቅል የነበረው እምብርት ራሱ ወደ አበባ ተለውጧልና መመለሻ የለውም። የሜክሲኮ ገበሬዎች ተኪላ የሚጠመቅበትን የቃጫ ዘመድ ዘንግ የሚቆርጡት ስኳሩ በግንዱ እንዲቀር ነው፤ እኔ የምፈልገው ግን ቅጠል ነው። እንሰት የሚያለሙ ወገኖቻችንም ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ፦ እንሰት አንዴ አብቦ ስለሚሞት፣ አበባው ብቅ ሲል የተጠራቀመው ሳያልቅ ይቆርጡታል።

አሁን የማየው ምልክቱን ነው። ከመሐል የሚወጡት አዳዲስ ቅጠሎች እያጠሩ ሲመጡ የማበቢያው ጊዜ ደርሷል ማለት ነው። የታችኞቹን ፈጥኜ እቆርጣለሁ፤ የላይኞቹን ለዘንጉ ስንቅ እተዋለሁ። ቃጫ ፍሬ እምብዛም አይዝም፤ አበባው ሲረግፍ ግን ዘንጉ ላይ ትናንሽ ችግኞች ይበቅላሉ። በ1893 እ.ኤ.አ. ሪቻርድ ሂንዶርፍ የተባለ ጀርመናዊ ከፍሎሪዳ እንዲህ ያሉ 1000 ችግኞች ቢያስመጣም ምሥራቅ አፍሪካ፣ ታንጋ ወደብ በሕይወት የደረሱት 62 ብቻ ነበሩ። የታንጋኒካ (የዛሬዋ ታንዛኒያ ዋና ምድር) ሰፊ የቃጫ እርሻ የተነሣው ከእነዚያ ነው።

ስለዚህ ዘንጉን አልነካውም። ሥሩ ጆንያ አንጥፌ የሚወድቁትን እለቅማለሁ፤ ክረምት ሲገባ በአጥሩ ክፍተት እተክላቸዋለሁ።