የመላእክት ፊደልና የደብተራው ክታብ

በአውሮፓ የምሥጢር ጥበብ ተከታዮች ዘንድ «የሄኖክ ቋንቋ» እየተባለ የሚጠራ፥ ከመላእክት ተገኘ የሚሉት ፊደል አለ። መጽሐፈ ሄኖክን ሙሉውን ጠብቃ ያቆየችው ግእዝ ናትና፥ ይህን የሚሰማ ኢትዮጵያዊ ነገሩ ከአገሩ የወጣ ሊመስለው ይችላል። በብራና ክታቦቻችን ላይም እንግዳ ምልክቶች ስላሉ፥ ሁለቱ የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው የሚል አሳብ በቀላሉ ይነሣል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን አሳብ መመርመር ነው። ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጆን ዲ በ1583 ዓ. ም. 21 ፊደላትን ከመላእክት እንደ ተቀበለ በማስታወሻው ጽፏል። ኤድዋርድ ኬሊ የተባለ ባልንጀራው የሚያበራ ድንጋይ እየተመለከተ «አየሁ፥ ሰማሁ» ይላል፤ ዲም ይጽፋል። የሄኖክ ስም ለቋንቋው የተሰጠው ግን ከእርሱ በኋላ ነው። ዲ የሄኖክን መጽሐፍ እንደ ጠፋ ሀብት ሲናፍቀው፥ መጽሐፉ በኢትዮጵያ ገዳማት እየተገለበጠ ይነበብ ነበር። ከቀሐ ወንዝ ብዙም በማይርቀው በእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም በእንግድነት የተቀመጠው ጄምስ ብሩስ በ1773 ዓ. ም. ሦስት ቅጂ ወደ አውሮፓ አደረሰ፤ ሪቻርድ ሎረንስም በ1821 ዓ. ም. ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። በተገኘው መጽሐፍ ውስጥ ግን የመላእክት ፊደል የለም። እንዲያውም 69ኛው ምዕራፍ፥ ሰዎችን በቀለምና በክርታስ መጻፍን ያስተማረው ከወደቁት መላእክት አንዱ ጴኔሙእ እንደ ሆነና ብዙዎች በዚህ እንደ ሳቱ ይናገራል።

የአውሮፓውያኑ ፊደላት ሲመረመሩ ልብሳቸው እንጂ አካላቸው አዲስ አይደለም። አግሪፓ በ1533 ዓ. ም. ባሳተመው መጽሐፍ «ሰማያዊ» ያለው ጽሕፈት የዕብራይስጥ ፊደል በሌላ መልክ የተሣለ ነው። የዲን ቋንቋ መዝገበ ቃላት በ1978 ዓ. ም. ያወጣው የቋንቋ ሊቅ ዶናልድ ሌይኮክም የድምፁና የሰዋስዉ ጠባይ እንግሊዝኛን እንደሚመስል አሳይቷል። መልአኩ በሰሚው አገር ቋንቋ አሰካክ ተናገረ ማለት ነው።

የደብተራው ክታብ ከዚህ ሁሉ ይለያል። ብራናው ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይዘጋጃል፤ የክርስትና ስሙም በጸሎቱ መካከል ይገባል። የቅዱስ ሱስንዮስና የውርዝልያ ታሪክ፥ የሰሎሞን መርበብት፥ የተደራረቡ አስማት በግእዝ ይጻፋሉ፤ በመካከላቸውም ሰይፍ የመዘዙ መላእክት፥ የሚመለከቱ ዓይኖችና ጫፋቸው እንደ ቀለበት የተቋጠረ ምልክቶች ይሣላሉ። እነዚህ ምልክቶች ድምፅ የላቸውም። ሥራቸው መነበብ ሳይሆን ማኅተም መሆን ነው፤ ዓይነ ጥላውና ባርያው አይቶ እንዲሸሽ እንጂ ሰው ፈትቶ እንዲያነባቸው አልተጻፉም። ስለዚህ «ይህ ፊደል ምን ይላል?» እያለ የሚጠይቅ ሰብሳቢ ከመነሻው ስቷል። ስትሬልሲን በ1955 ዓ. ም. ጸሎቶቹን፥ መርሲዬ በ1979 ዓ. ም. ሥዕሎቹን ለዓለም አስተዋውቀዋል፤ ይሁን እንጂ ቃሉንና ሥዕሉን ለየብቻ የሚመለከት ሁሉ የክታቡን አሠራር በግማሽ ብቻ ያያል።

ዝምድና ፈጽሞ የለም ማለት ግን አይደለም። ቀለበት ያለባቸው ምልክቶች በመጀመሪያዎቹ የክርስትና ምዕተ ዓመታት በግብፅ በግሪክኛ በተጻፉ የአስማት ፓፒሩሶች ላይ ይታያሉ፤ የአግሪፓም ሰማያዊ ጽሕፈት ይህንኑ ቀለበት ይዟል። ስለዚህ የጋራ የሆነው የምልክቱ አሣሣል እንጂ ሄኖክም፥ ፊደልም አይደለም።

ይህን መለየት ለእኛ ትርፍ ነገር አይደለም። ፊደል ከሰማይ ለሄኖስ ተገለጠ የሚለው የሊቃውንት ትውፊት ክብሩ የተጠበቀ ነው፤ በሃይማኖት ቦታው ይነገር። የታሪክ ማስረጃ ሲጠየቅ ግን ፊደላችን ከደቡብ ዓረብ ጽሕፈት የተወለደ፥ በ4ኛው ምዕተ ዓመትም የአናባቢ ቅርጽ የተጨመረለት የሰው ጥበብ ነው። የዲን 21 ምልክቶች አንብቦ ያደገ ሕፃን የለም፤ ሀሁን ግን የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ሁሉ ዘልቆታል። የፊደል ክብር በተደበቀበት ምሥጢር ሳይሆን በተማሩበት ሰዎች ብዛት የሚለካ ከሆነ፥ የኛ ፊደል ከኬሊ ድንጋይ ምስክርነት መለመን አያሻውም።