ብረት እንዲህ ያምራል እንዴ!

ረጋ ብዬ ልጽፍ አስቤ ነበር፤ አልሆነልኝም። ስለ ዳሎል ያነበብኩትን ላገኘሁት ሁሉ ስለፈልፍ ሰንብቼ፣ የሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ጎረቤቶቼ ሊፍት ውስጥ ሲያዩኝ ስልካቸው ላይ ማፍጠጥ ጀምረዋል። አልፈርድባቸውም። እናንተ ግን ስሙኝማ!

ዳሎልን በፎቶ ያላየ የለም። አፋር ውስጥ፣ ደናክል ረባዳ ላይ፣ ከባሕር ጠለል 120 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚገኝ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ ምድር ነው። ቀለሙ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ ሰው አሜሪካ ያለውን የየሎውስቶን ፍልውሃ አስታውሶ፣ «ሙቀት የሚወዱ ጥቃቅን ተሕዋስያን ናቸው» ሊል ይችላል። ለየሎውስቶን መልሱ ትክክል ነው። የዳሎሉ ግን ብረት ነው፤ ብረት ብቻውን!

ኤሌክትራ ኮቶፑሉና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተሙት ጥናት ይህን አፍረጥርጦታል። ከምድር ሥር የሚፈላው ውሃ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የጋለ፣ ኦክስጅን የሌለው፣ ጨውና ብረት የጠገበ ነው። አየር ሲያገኘው ብረቱ መዛግ ይጀምራል። ገና የፈለቀው አረንጓዴ ይሆናል፤ እየቆየ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ በመጨረሻም ቡናማ። ስለዚህ ቀለሙን ያየ ሰው የውሃውን ዕድሜ አነበበ ማለት ነው። ጨዉ ደግሞ ያብባል፤ እንደ እንቁላል ቅርፊት የሳሳ ክብ ይሠራል፣ ምሰሶ ያቆማል። ይህን ሁሉ ጥበብ የሚሠራው ነፍስ የሌለው ነገር ነው።

ነፍስ የሌለው ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም። በዚያው ዓመት ጥናታቸውን ያሳተሙት ጆዲ ቤሊላ፣ ፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ-ጋርሲያና ዴቪድ ሞሬይራ ከባልደረቦቻቸው ጋር ከዳሎል ኩሬዎች ውሃና ጨው ቀድተው ወሰዱ። ዘረመል ፈለጉ፣ በማይክሮስኮፕ አዩ፣ ለማራባትም ሞከሩ። ከአሲዳማዎቹ ኩሬዎች የተገኘ ሕያው ነገር የለም። አሞሌ ከሚጠረብበት የአሳሌ ጨው በኩል ግን አርኪያ የተባሉት ተሕዋስያን በዓይነት በዓይነት ሞልተዋል! ጨው ብቻውን አልገደላቸውም፤ ሙቀትም ብቻውን አይገድልም። የአሲድነቱ መለኪያ (pH) ከዜሮ በታች የሚወርድ ውሃ ከዚያ ሁሉ ጨው ጋር ሲዳመር ግን ሕይወት እጅ ሰጠች። በእርግጥ ሌላ ቡድን፣ እነ ፌሊፔ ጎሜዝ፣ እጅግ ጥቃቅን ተሕዋስያን አግኝተናል ብለዋል። እኔ የማምነው የፊተኞቹን ነው፤ እዚያ ያለው ማዕድን የሕዋስ ቅርጽ ይዞ እንደሚያሞኝ አሳይተዋልና። ማርስ ላይ ሕይወት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ አፋር ሄዶ መታለልን ይማር!

ዳሎል ሕይወት እጅ የምትሰጥበትን ካሳየን፣ አሁን የጀመረችበትን ፍለጋ ወደ ውቅያኖስ እንውረድ። እ.ኤ.አ. በ1977 ጋላፓጎስ አጠገብ የባሕር ወለል ላይ ፍልውሃ ተገኘ፤ በ2000 ደግሞ አትላንቲክ መሃል፣ «የጠፋችው ከተማ» የተባለው ስፍራ፣ 60 ሜትር የሚደርስ ነጭ የማዕድን ግንብ የገተረ። የዚህኛው ውሃ የዳሎል ተቃራኒ ነው፤ አልካላይን፣ ለዘብ ያለ ሙቀት ያለው፣ ሃይድሮጅን የበዛበት። ሃይድሮጅኑ የሚመጣው ውሃ ብረት ካለበት አለት ጋር ሲገናኝ ነው። ማይክል ራስል የተባለው የጂኦሎጂ ሊቅ ሕይወት የተጠነሰሰችው እንዲህ ባለ ቦታ ነው ሲል ስፍራው ገና ሳይገኝ ተናግሯል። ሕይወት የጀመረችው የብስ ላይ ባለ ፍልውሃ ነው የሚሉም አሉ፤ ክርክሩ አላለቀም።

የማርቲና ፕራይነርን ቡድን የ2020 ሙከራ ሳነብ ግን ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ውሃ፣ ሃይድሮጅን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ብረት ያለባቸው ማዕድናት፣ 100 ዲግሪ ሙቀት፤ በቃ። ኢንዛይም የለ፣ ተሕዋስ የለ። አንድ ሌሊት አድሮ አሴቴትና ፓይሩቬት ተገኙ! ፓይሩቬት ማለት የበላነው እንጀራ ሕዋሳችን ውስጥ ሲሰባበር የሚወጣው ያው ነገር ነው። ብረትና ድኝ የተጣመሩበት እምብርትም ዛሬ ድረስ በፕሮቲኖቻችን ውስጥ ተሰክቶ ይሠራል።

ልብ በሉ፤ እዚያ በሙከራው ማዕድን የሕይወትን ሥራ ይጀምራል፣ እዚህ አገራችን ውስጥ ደግሞ ማዕድን ያለ ሕይወት ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ ያሳያል። ኬሚስትሪ የት ላይ ነፍስ እንደሚዘራ ለማወቅ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ባዶነቱ ራሱ ሀብት የሆነ ስፍራ ከዳሎል ሌላ አላውቅም። ደግሞም ለፍልውሃ ባዕድ አይደለንም፤ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርዳ የተቆረቆረችው ከሰንጋ ተራ በእግር በሚደረስ ፍልውሃ ሰበብ ነው።

እንግዲህ ሰንጋ ተራን በፎቅ ያጨናነቃችሁ ባንኮች ሆይ፣ አንድ ልመና አለኝ። በየዓመቱ በምታድሉን የቀን መቁጠሪያ ላይ ዳሎልን ስታትሙ «ውብ ኢትዮጵያ» ብቻ ብላችሁ አትለፉት። አረንጓዴው ገና የፈለቀ፣ ቡናማው የቆየ ብረት መሆኑን በአንድ መስመር ጻፉበት፤ ግድግዳ ላይ ዓመት ሙሉ ሲሰቀል ልጆቻችን ያንብቡት።