«ራስ ሠር ካምቢዮ»፦ በአንድ የጥገና መመሪያ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሒስ

በደቡብ አዲስ አበባ የሚገኘው የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ስሙ ራሱ ለስያሜ ጥናት የሚጠቅም ነው። ላፍቶ በኦሮምኛ የግራር ዓይነት ዛፍ ስም ነው። ንፋስ ስልክ ደግሞ ሽቦ አልባው የመልእክት መሣሪያ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ሕዝቡ ለመሣሪያው ያወጣለት ስም ነው። ስልክ ከዐረብኛ የመጣ ቃል ሲሆን በመነሻው «ሽቦ» ማለት ስለሆነ፣ በሥርወ ቃል ብቻ ለሚፈርድ ሰው ሽቦ የሌለውን መሣሪያ «የንፋስ ሽቦ» ማለት እርስ በርሱ የሚጣላ ይመስለዋል። ተናጋሪው ግን ስልክን የሚያውቀው በሥራው እንጂ በሽቦነቱ ስላልነበረ ስያሜው አላስቸገረውም። ኋላ መሣሪያውን ሬዲዮ የሚለው ቃል ወረሰው፤ የሕዝቡ ስያሜም የሰፈር ስም ሆኖ ቀረ። ከዚህ የምንረዳው፣ አንድ ስያሜ በሥርወ ቃሉ ትክክል መሆኑ ብቻ እንደማያጸናው፣ ስሕተት መሆኑም ብቻ እንደማይጥለው ነው።

ለዚህ ሒስ ምክንያት የሆነን በዚሁ በላፍቶ የሚገኝ አንድ ጋራዥ ለተለማማጆቹ ያስተረጐመው አነስተኛ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ብልሽት እንዴት እንደሚታወቅና ካምቢዮው እንዴት ወርዶ በሌላ እንደሚተካ ያስተምራል። አማርኛው እንዲታረም ወደ እኛ መጣ። በመጀመሪያው ንባብ ፊደላትንና ሥርዓተ ነጥብን አርመን መለስነው፤ ስያሜዎቹን ግን ሳንመረምር አለፍናቸው። ስሕተታችን የተገለጠልን በኋላ፣ ጽሑፉን ከሠራተኞቹ ጋር በተፈታ ካምቢዮ አጠገብ ቆመን ስናነበው ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምናቀርበው ነቀፋ ተርጓሚውን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ እኛንም ይመለከታል።

ሀ. ስለ «ራስ ሠር»

ተርጓሚው አውቶማቲክ የሚለውን ቃል በሙሉ «ራስ ሠር» ብሎታል። ይህ ስያሜ በኮምፒዩተር ነክ ትርጉሞች የተለመደ ስለሆነ እንግዳ አይደለም። ቅርጹም ያለ አብነት የተፈጠረ አይደለም፤ «ራስ ገዝ» የሚለውን ይመስላል። ነገር ግን አብነቱን እስከ መጨረሻው ብንከተለው ችግሩ ይገለጣል። ራስ ገዝ ማለት ራሱን የሚገዛ ማለት ነው፤ «ራስ» የግሡ ተሳቢ ነው። በዚሁ ሥርዓት «ራስ ሠር» ራሱን የሚሠራ ማለት ይሆናል እንጂ በራሱ የሚሠራ ማለት አይሆንም።

ይህ የሰዋስው ሰው ጭቅጭቅ ብቻ እንዳይመስል፣ ሠራ የሚለው ግሥ በጋራዥ ያለውን ፍች ማስታወስ ያስፈልጋል። በጋራዥ «መኪናው ይሠራል» ሲባል ይንቀሳቀሳል፣ አልተበላሸም ማለት ሲሆን፣ «መኪናውን ሠራው» ሲባል ጠገነው ማለት ነው። መኪና ማሠራት ማስጠገን ነው። እንግዲህ «ራስ ሠር ካምቢዮ» የሚለውን ርእስ ጮክ ብለን ስናነብ አንድ አዛውንት መካኒክ፦ «ዶክተር፣ ራሱን የሚሠራ ከሆነማ ወደ እኛ ለምን አመጡት?» ብለው ጠየቁን። ሁሉም ሣቁ፤ እኛም ሣቅን። ነገር ግን በዚያች አንዲት ጥያቄ ስያሜው ወድቋል። ሾፌሩም፣ መካኒኩም፣ ዕቃ ሻጩም «አውቶማቲክ» ካሉ ዘመን ስለሆናቸው በዚህ የሙያ መስክ ቃሉን እንዳለ መቀበል ይሻላል ብለን እናምናለን።

ለ. ስለ «ኃይል አስተላላፊ» እና ስለ ካምቢዮ

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣሊያን ወረራና ከዚያም በኋላ በቆዩት ጣሊያናውያን የእጅ ባለሙያዎች አማካይነት የመኪና ጥገና ቋንቋችን በጣሊያንኛ ቃላት ተሞልቷል። ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን፣ ባሌስትራ ሁሉ ከዚያ የመጡ ናቸው። ካምቢዮ በመነሻው «ለውጥ» ማለት ነው፤ ፍሪሲዮንም «ሰበቃ»። የአማርኛ ተናጋሪው ግን ሁለቱንም የሚያውቃቸው እንደ ክፍል ስም ብቻ ነው።

ተርጓሚው ካምቢዮን «ባዕድ» ብሎ በመተው «ኃይል አስተላላፊ» የሚለውን መርጧል። ጽሑፉ እየገፋ ሲሄድ ግን ይኸው «ኃይል አስተላላፊ» በአንድ ገጽ ካምቢዮውን ብቻ፣ በሌላ ገጽ ከካምቢዮው ጀምሮ እስከ ዲፈረንሻሉና እስከ ጎማው ያለውን መስመር በሙሉ ይጠራል። ባለሙያው ግን ብልሽቱ ከካምቢዮው ውስጥ ነው ወይስ ከካምቢዮው በኋላ ነው ብሎ መለየት አለበት፤ ሥራው የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም የሚጠራ ጽሑፍ ሥራውን ያጨልምበታል። ስለዚህ ካምቢዮ ለሣጥኑ ይጸና፤ «ኃይል አስተላላፊ» ለመስመሩ በሙሉ ይዋል እንላለን። አንዳንድ ሾፌሮች ካምቢዮ ሲሉ የማርሽ ማስገቢያውን ዘንግ ማለታቸው ስለሆነ፣ በመመሪያ ጽሑፍ ይህኛውን ሁልጊዜ «የማርሽ ዘንግ» ማለት ይገባል።

ፍሪሲዮንም በዚህ ዓይነት ካምቢዮ ጥንቃቄ ይሻል። በማንዋል መኪና ፍሪሲዮን አንድ ነው፤ በእግር ይረገጣል። በአውቶማቲክ ካምቢዮ ግን የሞተሩ ኃይል ወደ ካምቢዮው የሚገባው በፈሳሽ አማካይነት በሚሠራው ቶርክ ኮንቨርተር በኩል ነው። ጀርመናዊው ኸርማን ፎቲንገር እ.ኤ.አ. በ1905 የመብት ማረጋገጫ ያገኘበት ሐሳብ ነው። ከዚያ ወዲያ በካምቢዮው ውስጥ በዘይት ግፊት የሚጨበጡ የፍሪሲዮን ሸክላዎች ተደርድረዋል። ተርጓሚው ሁለቱንም «ፍሪሲዮን» ስላላቸው «ፍሪሲዮኑ ካለቀ ቀይር» የሚለው ትእዛዝ የትኛውን እንደሚመለከት አይታወቅም። ቶርክ ኮንቨርተርን በስሙ መተው፣ በመጀመሪያ በተጠቀሰበት ቦታም «የማዞር ኃይልን የሚያባዛ የፈሳሽ መጋጠሚያ» ብሎ መፍታት ይበቃል። የውስጦቹንም «የውስጥ ፍሪሲዮኖች» ማለት ይቻላል።

ሐ. ስለ «ምርመራ» እና ስለ «ማረጋገጫ»

ከስሕተቶቹ ሁሉ ዋጋው የከበደው በዚህ ክፍል ያለው ነው። ጽሑፉ በዐይን ማየትን፣ በመሣሪያ መፈተንን፣ ከዚያም የብልሽቱን መንስኤ ለይቶ መፍረድን ሦስቱንም «ምርመራ» ይላቸዋል። ስለሆነም ተለማማጁ ምልክቱን እንዳየ ምርመራውን የፈጸመ ይመስለዋል። ምልክትና መንስኤ ግን ይለያያሉ። ዘንጉ «ዲ» ላይ ከገባ በኋላ መኪናው ዘግይቶ ሊነሣ፣ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ላይጨምር፣ ማርሽ ሲቀየር ሊመታ፣ ወይም ካምቢዮው በአንድ ማርሽ ተይዞ ሊቀር ይችላል። ከእነዚህ አንዱ ምልክት ብቻውን ዘይት መጉደሉን፣ የዘይት መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋ አንድ ሶሌኖይድ መበላሸቱን፣ ወይም የውስጥ ፍሪሲዮኖቹ ማለቃቸውን ሊያመለክት ይችላል። የመጀመሪያው በጥቂት ገንዘብ ይድናል፤ የመጨረሻው ካምቢዮውን በሙሉ ያስወርዳል።

በዚህ ላይ መሣሪያው የሚያነበውን የብልሽት ኮድ ጽሑፉ «የብልሽት ማረጋገጫ ቁጥር» ብሎታል። ይህ ፈጽሞ ስሕተት ነው። ለምሳሌ ፒ 0700 የሚለው ኮድ የካምቢዮው መቆጣጠሪያ አንድ እክል መመዝገቡን ብቻ ይነግራል፤ የትኛው ክፍል እንደ ተበላሸ አይናገርም። የሚጠቁምን ነገር «አረጋገጠ» ማለት ለዕቃው ባለቤት የማይገባ ወጪ ማስወጣት ነው። ሠራተኞቹ እንደ ነገሩን፣ በሌላ ስፍራ በኮዱ ብቻ ተፈርዶበት ካምቢዮው የተለወጠ መኪና ያው ሕመሙ ሳይለቀው ወደ እነርሱ መጥቶ፣ ጥፋቱ ከአንድ የኤሌክትሪክ ሽቦ መገናኛ ተገኝቷል። የመኪናው ባለቤት የከፈለው ገንዘብ ግን አልተመለሰም። በእኛ አስተያየት ማየቱ «ፍተሻ»፣ በመሣሪያ መፈተኑ «ሙከራ»፣ መንስኤውን ለይቶ መወሰኑ «የብልሽት ልየታ»፣ ኮዱም «የብልሽት ጠቋሚ» ቢባል ሦስቱ ደረጃዎች ሳይደባለቁ ይቀመጣሉ።

«መንሸራተት» የሚለውም ቃል ሐተታ ያሻዋል። ሞተሩ እየዞረ ማርሹ ኃይሉን ሳይዝ ሲቀር ጽሑፉ አንድ ጊዜ «ይንሸራተታል»፣ ሌላ ጊዜ «ይዘላል» ይላል። መንሸራተት ለሾፌሩ በመጀመሪያ የሚያስታውሰው በእርጥብ መንገድ የሚንሸራተተውን ጎማ ነው፤ ማርሽ መዝለልም የማንዋል ካምቢዮ ሌላ ብልሽት ነው። ጋራዡ ግን «ማርሽ አይዝም» ይላል። «መያዝ» ቀላልና ግልጽ ስለሆነ «ማርሽ አለመያዝ» የሚለው ስም ሊጸና ይገባዋል።

መ. ስለ «የካምቢዮ ዘይት»

ቀደም ሲል ያለ ምልክት ያለፍነው ሐረግ ይህ ነው። «የካምቢዮ ዘይት» የተባለው በጽሑፉ ውስጥ ሦስት ልዩ ልዩ ፈሳሾችን ይሸፍናል። አንደኛው ለማንዋል ካምቢዮ የሚሆነው ወፍራም ዘይት ነው። ሁለተኛው የአውቶማቲክ ካምቢዮ ፈሳሽ ሲሆን፣ ከማለስለስ ሌላ ግፊት ያስተላልፋል፣ ሙቀት ይወስዳል፣ የውስጥ ፍሪሲዮኖቹም በአግባቡ እንዲጨበጡ ያደርጋል። ሦስተኛው ሲቪቲ ለሚባለው ካምቢዮ የሚዘጋጀው ነው። ሲቪቲ የማርሽ ደረጃ የለውም፤ ቀበቶ ወይም ሰንሰለት ስፋታቸው በሚለዋወጥ ሁለት መዘውሮች መካከል ይሮጣል። ይህ አሠራር በብዛት ተመርቶ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1958 የሆላንዱ ዳፍ ባወጣው አነስተኛ መኪና ነው። ፈሳሹም ቀበቶው መዘውሩን እንዳይስት ተብሎ የተቀመመ ስለሆነ በሌላው ሊተካ አይገባም።

ከቆምንበት ካምቢዮ ጎን የነበረው መኪና አነስተኛ ጃፓን ሠራሽ ሲሆን ሲቪቲ ነበር። ባለቤቱ ወደ አንድ ሱቅ ልኮ «የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት» አስገዝቶ አስሞልቶታል። ሻጩ የተጠየቀውን ሰጠ፤ ገዢው የሚያውቀውን ጠየቀ፤ ስሙ ግን ሁለቱንም አላስጠነቀቃቸውም። በጥቂት ጊዜ ውስጥ ቀበቶው መዘውሮቹን ፋቃቸው። ይህን ካየን በኋላ «ሁሉም አውቶማቲክ ነው» የሚለውን የለመድነውን አነጋገር በመመሪያ ጽሑፍ መቀበል አልቻልንም። «ባለ ደረጃ አውቶማቲክ» እና «ደረጃ የለሽ አውቶማቲክ» ብሎ መለየት የሚቻል ይመስለናል፤ ሲቪቲ የሚለውም ስም በጣሳው ላይ ስለሚነበብ ከጎኑ ሊቀመጥ ይገባዋል። ዘይቱም በካምቢዮው ዓይነት እንጂ «የካምቢዮ» ተብሎ ብቻ አይጠራ።

ሠ. ስለ ቅየራው ትእዛዞች

በመጨረሻ ስለ ግሦች ጥቂት እንጨምር። «የማቀዝቀዣውን ቱቦዎች አጽዳ» የሚለውን ትእዛዝ ሲያነብ አንድ ተለማማጅ ጨርቅ አንሥቶ ቱቦዎቹን ከውጭ ወለወለ። በአማርኛው አልተሳሳተም። የታሰበው ግን ከአሮጌው ካምቢዮ የወጣው የብረት ብናኝ ወደ ተተካው እንዳይገባ ቱቦዎቹን ከውስጥ በፈሳሽ አጥቦ ማውጣት ነው። እንዲሁም «ኮንቨርተሩ በደንብ ከተቀመጠ በኋላ ቡሎኖቹን አጥብቅ» የተባለው፣ ኮንቨርተሩ በካምቢዮው ፓምፕ ውስጥ እስከ መጨረሻው መግባቱን አይናገርም። ሳይገባ ቡሎኖቹ ቢጠብቁ ፓምፑ ይሰበራል። «መቀመጥ» ለወንበርም ለዕቃም የሚሆን ሰፊ ግሥ ነው፤ እዚህ ግን «እስከ መጨረሻው መግባቱን ለክተህ አረጋግጥ» መባል አለበት። «ማረጋገጥ» የሚለው ቃል ትክክለኛ ቦታው እዚህ ነው፤ ለጠቋሚው ኮድ ከመስጠት ለዚህ መጠበቅ ነበረበት።

የአማርኛ አካዳሚ በ1964 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ በሳይንስና በቴክኖሎጂ ስያሜዎች ብዙ ተደክሟል። ይሁን እንጂ አብዛኛው ድካም ከእንግሊዝኛው ቃል ተነሥቶ አቻ መፈለግ ነበር። ይህ ትንሽ ጽሑፍ ያስተማረን ግን መነሻው ከሥራው ቦታ መሆን እንዳለበት ነው፤ አንድን ስያሜ ከማጽደቃችን በፊት በእርሱ ዕቃ የሚገዛ፣ በእርሱ ቡሎን የሚያጠብቅ ሰው ምን እንደሚረዳ መጠየቅ ይገባል። ጉዳዩ የሚያስቸኩልም ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በብዛት እየመጡ ናቸው፤ አብዛኞቹም የሚቀያየር ማርሽ የላቸውም። ለእነርሱ ክፍሎች ስም የሚወጣው አሁን ነው። እኛም የታረመውን ጽሑፍ ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ላፍቶ የላክነው በዚህ ሐሳብ ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን ከመላካችን በፊት እያንዳንዱን ትእዛዝ ለተለማማጆቹ አንብበን፣ እጃቸው ወዴት እንደሚሄድ ተመልክተናል።