«ተጨማሪ» የሚባል ደም ቅዳ አለን? የሚሸልስ ምደባ ሲመዘን

በየቀዶ ሕክምና መማሪያው የምናየው የሆድ ደም ቅዳዎች ሥዕል አንድ ዓይነት ነው፤ ከአዎርታ የሚወጣው ሴሊያክ ግንድ በሦስት ተከፍሎ ወደ ጨጓራ፣ ወደ ጣፊያና ወደ ጉበት ይሄዳል፤ የጉበቱም ቅርንጫፍ ቀኝና ግራ ሆኖ ይገባል። የፊላደልፊያው የአናቶሚ መምህር ኒኮላስ ሚሸልስ 200 አስከሬኖችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1966 ባወጣው ጽሑፍ ይህን ሥዕል የሚመስሉት 55 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳየ፤ ሁሉንም በአሥር ዓይነት መደባቸው። ሥራው ብዙ ትዕግሥት የፈሰሰበት ነው። ሆኖም ሰንጠረዡን ይዞ ወደ ቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ለሚቀርብ ሐኪም የሚጎድለው ነገር አለ።

ሚሸልስ የመደበኛውን ቦታ የወሰደውን ደም ቅዳ «ተተኪ»፣ ከመደበኛው ጋር አብሮ የሚገኘውን «ተጨማሪ» ይለዋል። ቃሉ ያሳስታል። ተጨማሪ ሲባል፣ ሻጭ በምርቃት እንደሚሰጠው፣ ቢቀርም የማይጎዳ ይመስላል። ነገር ግን ይህ ቅርንጫፍ ብዙ ጊዜ የራሱን የጉበት ክፍል ይመግባል፤ በጨጓራ ካንሰር ቀዶ ሕክምና ከግራው የጨጓራ ደም ቅዳ ጋር ሳይታይ ቢታሰር የግራው ጉበት ሊጎዳ ይችላል። ሃያትና ባልደረቦቹ በ1994 ከለጋሾች የተወሰዱ 1000 ጉበቶችን ሲመድቡ ሁለቱን ስያሜዎች አዋህደው ዓይነቶቹን ወደ ስድስት አወረዱ። ጉበት ለንቅለ ተከላ ለሚያወጣ ሐኪም ሁለቱም መትረፍ ስላለባቸው ይህ ይመቻል፤ ልሰር ወይስ ላትርፍ ብሎ ለሚያመነታ ግን የሚፈልገውን ልዩነት አጠፋበት። በእነርሱ ቆጠራ መደበኛው 757 ነው። «መደበኛው ስንት በመቶ ነው?» ብሎ ተማሪን በፈተና ማስጨነቅ እንግዲህ ምን ይጠቅማል?

ከሁሉ የሚከብደው ጉድለት ግን ምደባው የደም ቅዳውን መነሻ እንጂ መንገዱን አለመቁጠሩ ነው። ከተለመደው ቦታ የተነሣ የቀኝ ጉበት ደም ቅዳ እንደ አባጨጓሬ ጎብጦ ወደ ሐሞት ከረጢት አንገት ሊጠጋ ይችላል። በሰንጠረዡ ይህ «መደበኛ» ነው፤ በካሎት ሦስት ማዕዘን ውስጥ ግን የሐሞት ከረጢት ደም ቅዳ መስሎ የሚታሰረው እርሱ ነው። ከላይኛው ሜሴንቴሪክ የሚነሣው ቀኝ ደም ቅዳም እንዲሁ አደገኛ የሚሆነው በመነሻው ብቻ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ በቆሽት ራስና በፖርታል ደም መልስ ጀርባ ስለሚያልፍ፣ የቆሽት ራስ ሲቆረጥ ከቢላው መንገድ ላይ ይገኛል።

ዛሬ በንፅፅር መድኃኒት የሚነሣ ሲቲ ስካን መንገዱን አስቀድሞ ያሳያል። ሲቲ በሌለበት ጣት ይሠራል፦ ጉበትንና ዱዎዲነምን በሚያያይዘው ጅማት ውስጥ፣ ከሐሞት ቧንቧው ኋላ በስተቀኝ የደም ትርታ ከተሰማ ከሜሴንቴሪክ የመጣ ደም ቅዳ መጠርጠር ነው። ፕሪንግል በ1908 ባስተማረው መንገድ ጅማቱ ተቆንጥጦም ጉበቱ መድማቱን ካላቆመ፣ በጨጓራና በጉበት መካከል ያለውን ስስ ኦሜንተም ገልጦ ከግራው የጨጓራ ደም ቅዳ የመጣ ቅርንጫፍ መኖሩን መመልከት ይገባል።