«አያነብም» የምትለው ቃል ስንት ፋይል አጠፋች?

እስቲ እንዲህ እናስብ። ወሩ መስከረም ነው፤ ቦታው መቱ። ክረምቱን ሙሉ ተዘግቶ የከረመ የኮምፒውተር ክፍል ዛሬ ተከፈተ። ውጭ ዝናቡ አላቆመም፤ ኢሉባቦር ውስጥ መስከረም ጠባ ማለት ዝናብ ቆመ ማለት አይደለም። ማሽኖቹ አንድ በአንድ ተነሱ። ጥቂቶቹ ግን ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አውጥተው ቀጥ አሉ። የምነሳበት ዲስክ አላገኘሁም ነው የሚሉት። ከኋላ አንድ ሰው «ሃርድ ዲስኩን አያነብም» ይላል። ሌላው ወዲያው ይቀበለዋል፦ «በቃ ፎርማት ይደረጋ!»

ይህ ጽሑፍ በእነዚህ ሁለት ንግግሮች ላይ የተጻፈ ሂስ ነው። ሂስ የግድ ለልብ ወለድ ወይም ለፊልም ብቻ መሆን የለበትም። በየቀኑ የምንላት አንዲት ዓረፍተ ነገር የተመራቂ ተማሪን ጥናት ከነፎቶዎቹ ልታጠፋ የምትችል ከሆነ እሷም መተቸት አለባት።

በሲዲ ጊዜ «አያነብም» ማለት ብዙም ስህተት አልነበረውም። ሲዲው ተጭሮ ጨረሩ ማንበብ ሲያቅተው ችግሩ በእርግጥም የንባብ ነበር። ዛሬ ግን ፍላሹም፣ ሚሞሪ ካርዱም፣ ኤክስተርናሉም፣ የላፕቶፑ ዲስክም ሁሉም «አያነብም» ነው። ቃሉ በሽታው አንድ ብቻ እንደሆነ፣ ጥፋተኛውም ሁልጊዜ ዲስኩ እንደሆነ አድርጎ ያሳየናል። እውነታው ሌላ ነው። አንድ ዲስክ በኮምፒውተር ዘንድ እስኪታወቅ ድረስ በርከት ያሉ በሮችን ያልፋል። መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ሊደርሰው ይገባል። ቀጥሎ የመረጃ ገመዱ በደንብ መሰካት አለበት። ከዚያ በማዘርቦርዱ ላይ ያለው ባዮስ የሚባል ፕሮግራም ይጠራዋል፤ ዲስኩም ስሙንና መጠኑን ይናገራል። ዊንዶውስ ደግሞ ከዲስኩ ጋር የሚያግባባውን ድራይቨር ይጭናል። ከዚያ ዲስኩ እንዴት እንደተከፋፈለ የሚናገረው ሰንጠረዥ ይነበባል፤ በመጨረሻም ፋይሎቹ የት የት እንዳሉ የሚያሳየው መዝገብ። መጨረሻው በር ላይ የቆመውንም፣ ከግቢው ያልደረሰውንም «አያነብም» ብሎ በአንድ ስም መጥራት ነው ስህተቱ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ተበላሽቷል ወይ?» ሳይሆን «እስከየትኛው በር ደርሷል?» ነው። ይህን ለማወቅ መፍቻ አያስፈልግም። ማሽኑ ሲነሳ ኤፍ 2 ወይም ዲሊት (እንደ ማሽኑ ይለያያል) ተጭናችሁ ባዮስ ውስጥ ግቡ። የዲስኩ ስምና መጠን እዚያ ተጽፎ ካያችሁት ኤሌክትሪኩም፣ ገመዱም፣ የዲስኩ ሰርኪዩትም እየሠሩ ነው ማለት ነው፤ ችግሩን ከዚያ በኋላ ባሉት በሮች ፈልጉት። ከሌለ ደግሞ ማሽኑን አጥፍታችሁ፣ ከሶኬት ነቅላችሁ፣ ቀጭኑን የሳታ ገመድና የኃይል ገመዱን ነቅሎ መልሶ መሰካት ነው። እንደ ሶር ዙሪያ እርጥበት በበዛበት አካባቢ፣ አቧራም ሲጨመርበት፣ በብረቶቹ መገናኛ ላይ ስስ ሽፋን ሊቀመጥ ይችላል። ነቅሎ መሰካቱ ይፍቀዋል። ካልሆነ ሌላ ገመድ፣ ሌላ መሰኪያ ሞክሩ። ይህን ሁሉ ሳያደርጉ «ዲስኩ ሞቷል» ማለት ሐኪሙ የልብ ትርታ ሳያዳምጥ እንደሚፈርደው ነው።

አሁን ወደ መስከረሟ ክፍል እንመለስ፤ ምክንያቱም እዚያ ያለው ነገር ይገርማል። ከክረምት በፊት አንድ ጠንቃቃ ሰው መብረቅ ፈርቶ ሁሉንም ማሽን ከሶኬት ነቅሎታል እንበል። ትክክል አድርጓል! ግን ማዘርቦርዱ ላይ ስፋቷ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቷ 3.2 ሚሊ ሜትር የሆነች ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች፤ ሲ.አር 2032 የሚለው ስሟ ራሱ ይህን ልኬት ነው የሚናገረው። ማሽኑ ሶኬት ላይ ሲሆን፣ ቢጠፋም እንኳ፣ ሰዓቱ ከግድግዳው ኃይል ስለሚያገኝ ባትሪዋ ታርፋለች። ሲነቀል ግን ሥራው ሁሉ እሷ ላይ ይወድቃል። ያረጀች ከነበረች ክረምቱን አትሻገርም።

ባትሪዋ ስትሞት ባዮሱ የተነገረውን ረስቶ ወደ ፋብሪካው አደረጃጀት ይመለሳል። ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሳ ሊረሳ ይችላል። የባሰው ደግሞ ከሳታ ዲስክ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ ሊለወጥ መቻሉ ነው። ዊንዶውሱ የተጫነው ኤ.ኤች.ሲ.አይ በሚባለው መንገድ ሆኖ ባዮሱ አይ.ዲ.ኢ ወደሚባለው አሮጌ መንገድ ቢመለስ፣ ዊንዶውስ ሲነሳ የገዛ ዲስኩን ማግኘት ያቅተውና ሰማያዊ ስክሪን ያወጣል። ዲስኩ ጤነኛ ነው። አንድም ፋይል አልጠፋም። የሚያስፈልገው አዲስ ባትሪና ባዮስ ውስጥ የአንድ መስመር ማስተካከያ ነው። ምልክቱም ግልጽ ነው፤ ቀኑን እዩት፤ ብዙ ዓመት ወደኋላ ተመልሶ ታገኙታላችሁ።

በጣም የሚያናድደው ግን «ፎርማት ይደረግ» የሚለው ሰው እዚህ ጋ ትክክል መስሎ መታየቱ ነው። ፎርማት ተደርጎ ዊንዶውስ እንደገና ሲጫን፣ አዲሱ ዊንዶውስ ባዮሱ አሁን ባለበት መንገድ ራሱን ያስተካክላል፤ ኮምፒውተሩም ይነሳል። «አላልኳችሁም?» ይላል ሰውየው። የተሳሳተው ሕክምና የተሳሳተውን ምርመራ አጸደቀው። የሞተችው ባትሪ እዚያው ናት፤ ማሽኑ በተነቀለ ቁጥር ሰዓቱ ስለሚሳሳት ድረ ገጾች ደህንነታቸው አስተማማኝ አይደለም የሚል ማስጠንቀቂያ እያወጡ አንከፈትም ይላሉ። ለዚያ ደሞ ሌላ ምክንያት ይፈለግለታል።

ሂሱ ዊንዶውስንም አይምርም። ኤክስተርናል ወይም ፍላሽ ስትሰኩ አንዳንዴ ዲስኩን ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት ማድረግ ያስፈልጋል የሚል መልእክት ይመጣል። ውሸት አይደለም፤ ግን ለተሳሳተው ሰው የተጻፈ ነው። ዲስኩን መጠቀም ለሚፈልግ ሰው ተጻፈ እንጂ በውስጡ ያለውን ለሚፈልግ አልተጻፈም። የኮምፒውተሩ ትክክለኛ ሁኔታ «መዝገቡን ልረዳው አልቻልኩም» ነው። ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ እያንዳንዳቸው 512 ባይት የሚይዙ ወደ 2 ቢሊዮን የሚጠጉ ክፍልፋዮች አሉት። በቀድሞው አሠራር የአከፋፈሉ ሰንጠረዥ የሚቀመጠው በመጀመሪያዋ ክፍልፋይ ላይ ብቻ ነው። እሷ ስትበላሽ ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ ሳለ ዲስኩ ባዶ ይመስላል። ፎርማት አድርግ የሚለውንም፣ ዲስኩን እንደ አዲስ አሰናዳ የሚለውንም እሺ አትበሉ።

«ምን ችግር አለው፣ በፍጥነት ፎርማት ከተደረገ በሪከቨሪ ፕሮግራም ይመለሳል» የሚል ምክር ሰምታችሁ ይሆናል። በሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ላይ አዎ፣ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ ፈጣኑ ፎርማት የሚያድሰው መዝገቡን እንጂ ፋይሎቹን አይደለምና። ኤስ.ኤስ.ዲ ላይ ግን ይህ ምክር ጊዜው አልፎበታል። ዊንዶውስ ኤስ.ኤስ.ዲን ፎርማት ሲያደርግ ትሪም የሚባል ትእዛዝ ይልካል፤ ዲስኩም ያ ቦታ አያስፈልግም ተብሎ ስለተነገረው ከውስጥ ያጸዳዋል። ከዚያ በኋላ ሪከቨሪ ፕሮግራም የሚያገኘው ባብዛኛው ዜሮ ብቻ ነው።

ኤክስተርናሉ ተሰክቶ መብራቱ እየበራ ቲክ ቲክ ብሎ የሚቆም ከሆነስ? ምናልባት የራበው ኃይል ነው። ትንሹ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ መሽከርከር ሲጀምር እስከ 5 ዋት ሊጠይቅ ይችላል፤ አሮጌው የዩኤስቢ መሰኪያ ደግሞ እንዲሰጥ የተፈቀደለት 2.5 ዋት ነው። (በሶር ወንዝ ላይ የተሠራው የኤሌክትሪክ ማመንጫ አቅሙ 5 ሜጋ ዋት ነው። ሒሳቡን ሥሩት፤ አንድ ሚሊዮን ኤክስተርናል ባንዴ ማስነሳት ነው!) ማራዘሚያውን ተዉና በአጭር ገመድ የዴስክቶፑ ኋላ ላይ ሰኩት። እዚያም ድምፁ ከቀጠለ አጥፉት፤ ደጋግሞ መሞከር የውስጡን ገጽ እያስፋቀ ይሄዳል።

አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ከ11ኛው ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር ወዲህ ባሉ ብዙ ማሽኖች ላይ ዊንዶውስ ልትጭኑ ስትሉ ጫኚው ምንም ዲስክ አላየሁም ይላል። ቪ.ኤም.ዲ የሚባለው መቆጣጠሪያ በመሃል ስለገባ ነው፤ ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ ድራይቨሩን በፍላሽ አምጥቶ መጫን ይበቃል። ለዚህ ብላችሁ አዲስ ዲስክ አትግዙ።

ለጥገና ቤቶቹም ፍትሐዊ እንሁን። ደንበኛው የሚከፍለው ዊንዶውስ ለተጫነበት ነው፤ «ግማሽ ሰዓት መረመርኩ፣ ባትሪ ቀየርኩ» ላለ ባለሙያ ማን ደስ ብሎት ይከፍላል? እኛው ራሳችን ነን «ዛሬ ይድረስልኝ» እያልን ወደ ፎርማቱ የምንገፋው። ማሽናችሁን ስትሰጡ ፎርማት ይደረግልኝ አትበሉ፤ ባዮስ ላይ ይታያል ወይስ አይታይም ብላችሁ ጠይቁ። «ውስጡ ያለውን እፈልገዋለሁ» የምትለዋን ደግሞ ቅድሚያ ተናገሩ፤ ቢቻል በወረቀት ጽፋችሁ ማሽኑ ላይ ለጥፏት።